ዱባይ የፋይናንስ አማካሪነት ሥራ አገኘሁ፤ ደመወዝ የለውም፣ ኮሚሽን ብቻ ነው። ልሂድ?

ካዛንቺስ31 | ሰኞ፣ ማታ 2፡15

ሰላም ለቤቱ። ሁልጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ጨንቆኝ ጻፍኩ።

31 ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ አንድ የግል ባንክ ውስጥ 7 ዓመት ሠርቻለሁ። ከገንዘብ ከፋይነት ጀምሬ አሁን የደንበኞች ግንኙነት ኦፊሰር ነኝ። ባለፈው ወር በሊንክዲን ከዱባይ አንድ ድርጅት አነጋገረኝ። ሁለት ጊዜ በቪዲዮ ጠየቁኝ፣ በሦስተኛው ቀን ኦፈር ላኩ።

ማዕረጉ «ዌልዝ አድቫይዘር» ይላል። ቋሚ ደመወዝ የለውም፤ ሁሉም ነገር በኮሚሽን ነው። ቪዛውን እነሱ ያወጣሉ፣ ወጪውን በኋላ ከኮሚሽኔ ላይ ይቆርጣሉ። የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ቤትና ቀለብ ከኪሴ ነው። «በመጀመሪያው ዓመት 100 ሺህ ዶላር ያገኙ ልጆች አሉን» ብለውኛል። እስከ ሐሙስ መልስ ይፈልጋሉ።

ብር በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የባንክ ደመወዝ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለእናንተ አልነግራችሁም። እናቴ ግን «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» እያለች ትዞራለች። ውጭ አገር በዚህ ሙያ የሠራችሁ ካላችሁ ጥሩውንም መጥፎውንም ንገሩኝ።

ሚኒባስ ተራ | ሰኞ፣ ማታ 2፡31

100 ሺህ ዶላር የሚያስገኝ ሥራ በሊንክዲን ሰው ይፈለግለታል እንዴ? እኔ ብሆን ለአክስቴ ልጅ እንኳ አልናገርም።

የዴራ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 3፡50

ወንድሜ፣ ይህችን ኦፈር እኔም ፈርሜያታለሁ። እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2018 እዚያው ዱባይ ሠርቻለሁ። ድርጅቱን አልጠራም፤ የአንተም ሌላ ሊሆን ይችላል። አሠራሩ ግን ወንድማማች ነው።

ስሙ ምክር ነው፤ ሥራው ሽያጭ ነው። የምትሸጠው የ10፣ የ15፣ የ25 ዓመት የቁጠባ ዕቅድ ነው። ብዙውን ጊዜ ዕቅዱን የሚያወጡት አይል ኦፍ ማን የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ የተቋቋሙ የሕይወት ኢንሹራንስ ኩባንያዎች ናቸው። በእኔ ጊዜ ስሌቱ እንዲህ ነበር። ደንበኛው በወር 1,000 ዶላር ለ25 ዓመት ልቆጥብ ብሎ ፈረመ እንበል። ድምሩ 300,000 ዶላር ነው። የዚህ 4 በመቶ ገደማ፣ ማለትም 12,000 ዶላር፣ ሰውዬው ገና የመጀመሪያውን ወር ሲከፍል ለድርጅቱ ይገባል። ድርጅቱ ግማሹን ለአንተ ይሰጥሃል። 25 ዓመት ሊቆጠብ የታሰበ ገንዘብ ኮሚሽን በአንድ ወር ተበላ ማለት ነው።

እና 100 ሺህ ያገኙት ልጆች ውሸት አይደሉም። አሉ። እኔም አንድ ወር ላይ 9,000 ዶላር አግኝቼ ለእናቴ ቤት ጣሪያ ቀየርኩ። ከዚያ ቀጥሎ ያሉትን 4 ወራት ምንም አላገኘሁም። ቤድ ስፔስ ተከራይቼ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ለ6 ሆነን፣ ጠዋት ግን ሱፍ ለብሼ ክራቫት አስሬ እወጣ ነበር። ክራቫቱን የማስረው ደረጃው ላይ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ መስታወት ፊት ቦታ አይገኝም።

ትልቁ ጉድጓድ ክሎባክ ነው። ደንበኛው ከተወሰነ ጊዜ በፊት፣ ብዙ ጊዜ ከ18 ወር እስከ 2 ዓመት ሳይሞላው፣ መክፈል ካቆመ ኩባንያው ኮሚሽኑን መልስ ይላል። ዱባይ ደግሞ ሰው ከሥራ ይቀነሳል፣ አገር ይቀይራል። የበላኸውን ገንዘብ ዕዳ ሆኖ ታገኘዋለህ። ከሥራ ስወጣ 31,000 ዲርሃም አለብህ ተባልኩ። ዕዳ ያለበት ሰው እዚያ አገር የጉዞ እገዳ ሊጣልበት ይችላል፤ እኔ ከፍዬ ነው የወጣሁት።

ከእኔ ጋር 14 ሰው ጀመርን። በዓመቱ 3 ቀረን።

የዴራ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 4፡05

ስለ ደንበኛ ማፈላለግ ረስቼ። ጠዋት ስትገባ የስም ዝርዝር ይሰጥሃል። ኢንጂነር፣ ፓይለት፣ ነርስ፣ መምህር። በቀን 100 ስልክ ትደውላለህ። ዘጠና ምናምኑ ይዘጋብሃል። ሁለት ሦስቱ ቡና እንጠጣ ይሉሃል። ቡናውን የምትከፍለው አንተ ነህ፤ የዱባይ ቡና እንደ ካዛንቺስ እንዳይመስልህ።

አሁን እሱም ጠቧል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 2024 ጀምሮ የሽያጭ ስልክ መደወል የሚቻለው ከጠዋቱ 3 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ብቻ ነው። በግል ስልክህ ደውለህ መሸጥ ጭራሽ አይፈቀድም፤ የመጀመሪያው ቅጣት 5,000 ዲርሃም ነው። ድርጅቱ የተመዘገበ ስልክ እንዳለው ጠይቅ።

ካዛንቺስ31 | ሰኞ፣ ማታ 4፡20

የዴራ ልጅ፣ እግዜር ይስጥልኝ። (እህትህ ነኝ በነገራችን ላይ፤ ወንድሜ መባሉም አልከፋኝም።) ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ይህን ያህል ከሆነ ተቆጣጣሪው ምን ይላል? ድረ ገጻቸው ላይ ፈቃድ አለን ይላሉ።

የዴራ ልጅ | ሰኞ፣ ማታ 4፡48

ይቅርታ እህቴ! ፈቃዱ ሊኖራቸው ይችላል። የማን ፈቃድ ነው የሚለው ነው ነገሩ። የኢንሹራንስ ሻጭ ፈቃድና የኢንቨስትመንት ምክር ፈቃድ አንድ አይደሉም።

ታሪኩ አጭር ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ከ2012 መጨረሻ ጀምሮ አማካሪ ከኢንቨስትመንት ምርት አቅራቢ ኮሚሽን እንዳይቀበል ከለከለች። አውስትራሊያ በ2013 ተከተለች። ያኔ ብዙው ሻጭ ሻንጣውን ይዞ እንዲህ ያለ ክልከላ ወደሌለበት አገር ወጣ፤ የእኔም አለቃ ከእነዚያ አንዱ ነበር። ኤምሬትስም ዝም አላለችም። በ2020 በሥራ ላይ በዋለው ደንብ ኮሚሽኑ ጣሪያ ተበጅቶለታል፣ አንድ ላይ መከፈሉም ቀርቷል፣ ለደንበኛውም ፈርሞ እንዲያስብበት 30 ቀን ተሰጥቶታል። ለደንበኛ በጣም ጥሩ ነው። በኮሚሽን ብቻ ለሚኖር ጀማሪ ግን የበፊቱ ሂሳብ አይሠራም። «100 ሺህ ያገኙ ልጆች» መቼ ነው ያገኙት ብለሽ ጠይቂያቸው።

የሃያ አምስት ዓመቱ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 1፡10

እኔ ጠረጴዛው ማዶ የተቀመጥኩት ሰው ነኝ። አቡዳቢ ኢንጂነር ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ2014 አንድ ትሁት ልጅ ቢሮዬ መጣ፣ ስለ ልጆቼ ትምህርት ጠየቀኝ፣ በወረቀት ላይ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ሣለልኝ። በወር 500 ዶላር ለ25 ዓመት ፈረምኩ። ነጻ ምክር ነው ብሎኝ ነበር። አንድ ሳንቲም አልጠየቀኝም፤ እኔም ተገርሜ ምሳ ጋበዝኩት።

በ20ኛው ወር ፕሮጀክቱ ቆመና ከሥራ ወጣሁ። 10,000 ዶላር ከፍያለሁ። ላውጣው ስል 800 ገደማ ነው ያለህ ተባልኩ። የመጀመሪያዎቹ 18 ወራት ክፍያ ለብቻው የተያዘ ነው፣ 25 ዓመቱ እስኪያልቅ ወጪ እየተቀነሰበት ይኖራል፣ አሁን ካቋረጥክ አይመለስም አሉኝ። ውሉ ላይ ተጽፏል። ገጽ 40 ምናምን ላይ።

ልጁን ደወልኩለት። ስልኩ አይሠራም። እንደ የዴራ ልጅ ክሎባክ ደርሶበት፣ እሱ ግን ሳይከፍል ሸሽቶ ይሆናል። አልረግመውም፤ 24 ወይም 25 ዓመቱ ነበር። ግን እህቴ፣ አንቺ የምትሄጂው የእሱን ወንበር ልትይዢ ነው።

ሚኒባስ ተራ | ማክሰኞ፣ ጠዋት 2፡00

ምሳ መጋበዝህ ነው እኔን የገደለኝ።

ፎቅ አሥራ አራት | ማክሰኞ፣ ቀን 7፡35

ሁላችሁም ዱባይን እያጠቆራችኋት ነው። እኔ አሁንም እዚያው ነኝ፣ 6ኛ ዓመቴ። ዲአይኤፍሲ ውስጥ በደመወዝ ነው የምሠራው። ለማያውቀው፣ ዲአይኤፍሲ እ.ኤ.አ. በ2004 ዱባይ ውስጥ የተቋቋመ የፋይናንስ ቀጠና ነው። የራሱ ሕግ፣ የራሱ ፍርድ ቤት፣ ዲኤፍኤስኤ የሚባል የራሱ ተቆጣጣሪ አለው። እንግሊዝኛ የሚናገር የባንክ ሰው ቶሎ ይለምደዋል።

እኔ ስመጣ አማካሪ ልሁን አላልኩም። የአዲስ ደንበኛ ፋይል የሚያጣራ ክፍል ገባሁ። ገንዘቡ ከየት መጣ፣ የድርጅቱ ባለቤት ማነው፣ ፓስፖርቱ አልፎበታል ወይ። አሰልቺ ነው። አዲስ አበባ ባንክ የሠራ ሰው ግን ይህን ሥራ ከእንግሊዞቹ ልጆች ይልቅ ያውቀዋል፤ እኛ ማኅተም ሳናይ እንቅልፍ አይወስደንም። ሁለት ዓመት እዚያ ቆይቼ ሲአይኤስአይ የሚባለውን የእንግሊዝ የኢንቨስትመንት ሙያ ተቋም ፈተናዎች አንድ በአንድ ወሰድኩ። አሁን የደንበኛ ኃላፊ ረዳት ነኝ።

ጥሩውን ልንገርሽ። ከደመወዝሽ ላይ የገቢ ግብር አይቆረጥም። ዲርሃም ከዶላር ጋር በ3.6725 የታሰረ ስለሆነ ቁጠባሽ በአንድ ሌሊት አይቀልም። ዲአይኤፍሲ ውስጥ ከሆንሽ ከ2020 ጀምሮ አሠሪሽ የስንብት ጥቅምሽን በየወሩ ዲውስ የሚባል ፈንድ ውስጥ ያስገባል፣ የመጀመሪያዎቹን 5 ዓመታት ከመሠረታዊ ደመወዝሽ 5.83 በመቶ፣ ከዚያ በኋላ 8.33። ድርጅቱ ቢዘጋ እንኳ ገንዘቡ በስምሽ ነው።

ከዚያ በላይ ግን ሥራው ራሱ ደስ ይላል። እውነተኛው ምክር ምን እንደሚመስል ያየሁት እዚህ ነው። ባለፈው አንድ ቤተሰብ መጣ። ሦስት አገር ቤት አላቸው፣ ልጆቹ በሁለት ፓስፖርት ነው የሚሄዱት፣ ኑዛዜ ግን የላቸውም። አለቃዬ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንድም ነገር አልሸጠላቸውም። መጀመሪያ ኑዛዜያችሁን አስመዝግቡ፣ ከዚያ ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው። ሙስሊም ያልሆነ ሰው ኑዛዜውን እዚሁ ዲአይኤፍሲ ማስመዝገብ የቻለው እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ ነው፤ እኔ እንኳ የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። ደንበኛው የሚከፍለን በሰዓታችን ልክ ነው፤ እኛ ደግሞ የሚያስቸኩለን ነገር የለም።

ስለ ቪዛው ደግሞ አንድ ነገር። አሠሪ የቅጥርና የቪዛ ወጪን በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ ከሠራተኛ መውሰድ አይችልም። ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት የኤምሬትስ የሠራተኛ ሕግ ነው የሚለው። ከኮሚሽንሽ ላይ እንቆርጣለን ያለ ድርጅት ገና በሩ ላይ ሕግ እየጣሰ ነው።

ካዛንቺስ31 | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡55

ፎቅ አሥራ አራት፣ ያንተን ሳነብ ተስፋ አደረግኩ፣ የሃያ አምስት ዓመቱን ሳነብ ሆዴ ተረበሸ።

ያልነገርኳችሁ ነገር አለ። ከኦፈሩ ጋር አንድ የኤክሴል ፋይል ልከውልኛል። የማውቃቸውን የ100 ሰዎች ስም፣ ስልክ፣ ሥራና የሚኖሩበትን አገር እንድሞላ። «የሥልጠናው አካል ነው» ብለውኛል። 60 ደርሻለሁ። ውጭ ያሉ የባንክ ደንበኞቼ፣ የአጎቶቼ ልጆች፣ የዩኒቨርሲቲ ጓደኞቼ፣ የእናቴ የማኅበር ሴቶች ልጆች።

የሲልቨር ስፕሪንጓ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡12

እህቴ፣ ያንን ኤክሴል እባክሽ አትላኪ።

አሜሪካ በዲቪ መጥቼ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ አንዲት ሴት ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ «የራስሽ አለቃ መሆን አትፈልጊም?» አለችኝ። የሚፈልጉት የሕይወት ኢንሹራንስ እንድሸጥ ነው። የስቴቱን ፈቃድ በጥቂት ሳምንት ጥናት አገኘሁ። ፈተናውን ስላለፍኩ የፋይናንስ ባለሙያ የሆንኩ መስሎኝ ካርድ አሳተምኩ። ከዚያ ያው የ100 ሰው ዝርዝር መጣ።

ዝርዝሩ ሥልጠና አይደለም። ዝርዝሩ ገበያው ነው። የሚፈልጉት አንቺን አይደለም፤ እነዚያን 100 ሰዎች ነው። እነሱ ካለቁ አንቺም አለቅሽ፣ እና አዲስ 100 ሰው ያላት ልጅ ይፈለጋል። እኔ ለአክስቴ ሸጥኩ፣ ለክርስትና እናቴ ሸጥኩ፣ ለሁለት የዕድር አባላት ሸጥኩ። ከስቶክ ገበያ ጋር ታስሮ የሚያድግ ምናምን የሚባል ፖሊሲ ነበር። በትክክል እንዴት እንደሚያድግ ራሴም አልገባኝም፤ ወረቀቱን አንብቤ ነበር የምነግራቸው። አክስቴ ሆቴል ውስጥ አልጋ አንጣፊ ናት። በወር 250 ዶላር ስትከፍል ቆይታ ጉልበቷን ስትታመም አቆመች። ፖሊሲው ተሰረዘ። አክስቴ ምንም አላለችኝም። ፋሲካ ስንገናኝ ዶሮውን ታቀርብልኛለች፣ እንቁላሉን ትጨምርልኛለች፣ ስለ ገንዘብ ግን ከእኔ ጋር ተናግራ አታውቅም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እኛ ሰው የምናምነው በሰው ነው። እቁብ ስንገባ ሰብሳቢውን አይተን እንጂ ውል አንብበን አይደለም። ይሄ የዋህነት አይደለም፣ ትክክለኛ አሠራር ነው፤ ሰብሳቢው እዚያው ሰፈር ይኖራላ። ኮሚሽን ሻጩ ግን ያንን እምነት ወስዶ ገበያ ላይ ያወጣዋል።

የሲልቨር ስፕሪንጓ | ማክሰኞ፣ ማታ 3፡40

ሙያውን ግን አልጠላሁትም፤ አሁንም እሠራዋለሁ። ሲሪስ 65 የሚባለውን የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈተና ወሰድኩ። ለእሱ የሚያስመዘግብሽ ድርጅት አያስፈልግሽም፣ ራስሽ ተመዝግበሽ ትቀመጫለሽ። ሲሪስ 7፣ የአክሲዮን ሻጮቹ ፈተና፣ ግን ድርጅት ካልያዘሽ አይሆንም። ዛሬ ከደንበኛ በሰዓትና በዓመት ክፍያ ብቻ የሚሠራ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ነኝ። በሕግ የደንበኛውን ጥቅም ማስቀደም ግዴታችን ነው። የሚከፍለኝ ደንበኛው ስለሆነ «አይግዙ» ስል ደመወዜ አይቀንስም። ገንዘቡ? በደህና ዓመት እንኳ አንዳንድ የኮሚሽን ልጆች በሁለት ወር የሚያገኙትን ነው በዓመት የማገኘው። እንቅልፌ ግን መልካም ነው።

አንቺ ዝርዝርሽ ውስጥ የአሜሪካ ፓስፖርት ያላቸው ሐበሾች ካሉ ደግሞ ጭራሽ ተጠንቀቂ። አሜሪካ ዜጋዋን የትም ይኑር ግብር ታስከፍለዋለች። ዱባይ የሚኖር የአሜሪካ ዜጋ እንዲህ ያለ የደሴት ቁጠባ ቢገዛ ውስጡ ያሉት የውጭ ፈንዶች በጣም ከባድ በሆነ ሕግ ነው ግብር የሚታሰብባቸው። ሻጩ ኮሚሽኑን ይዞ ይሄዳል፤ ግብሩና የሒሳብ ባለሙያው ወጪ ለገዢው ይቀራል። እንዲህ ያለ ወረቀት ይዘው ቢሮዬ የመጡ ሁለት ሰዎች አሉኝ። ሁለቱም «የአገራችን ልጅ ነው የሸጠልኝ» ነው ያሉኝ።

ከነታንያ | ማክሰኞ፣ ማታ 4፡02

በጣም አጭር ነገር ልጨምር። እስራኤል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣ የኢንቨስትመንት ምክር ሕግ አለ። ምርቱን ከሚያወጣው ድርጅት ጋር ጥቅም ያለው ሰው ራሱን አማካሪ ብሎ መጥራት አይችልም። «መሻቬክ» ነው የሚባለው፣ ገበያተኛ እንደማለት። «ዮዔጽ»፣ አማካሪ፣ የሚለው ስም ጥቅም ለሌለው ብቻ ነው። ወንድሜ ባንክ ሄዶ ሲፈርም መጀመሪያ የጠየቀው ይህንኑ ነው፦ አንተ የትኛው ነህ? ዱባዮቹንም ይህንኑ ጠይቂያቸው።

የመድረኩ አስተዳዳሪ | ረቡዕ፣ ጠዋት 3፡15

«ዱባይ ሥራ አለን፣ በውስጥ መስመር አውሩን» የሚሉ ሁለት መልእክቶች ተነስተዋል። ለሦስተኛ ጊዜ የሚለጥፍ አካውንቱ ይዘጋል።

ብር በዶላር | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡30

ለምን ሁሉም ሰው ውጭ ውጭ ይላል? አዲስ አበባ ላይ ሙያው ገና እየተወለደ ነው። የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን በአዋጅ 1248/2013 ተቋቁሟል። የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያው በጥር 2017 ተከፍቷል። ባለሥልጣኑ የኢንቨስትመንት አማካሪነት ፈቃድ ይሰጣል። የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን በቴሌብር ሲሸጥ አንዱ በ300 ብር ነበር፤ አክሲዮን ምን እንደሆነ የማያውቅ ስንት ሰው ገዛ! ለዚህ ሕዝብ ማን ይመክረዋል? አንቺ 7 ዓመት ባንክ ሠርተሻል። ቀድመሽ ግቢ።

ሚኒባስ ተራ | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡41

ገበያው ላይ የሚሸጠው ድርጅት ገና በጣት ይቆጠራል። ማንን ነው የምትመክረው፣ ስለ ምን?

ብር በዶላር | ረቡዕ፣ ጠዋት 4፡50

ዛሬ በጣት። አንተ ሚኒባስ ስትገዛ መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነበር?

የዴራ ልጅ | ረቡዕ፣ ቀን 6፡20

ብር በዶላር እውነት አለው፣ ግን ደንበኛው ለምክር ብቻ ብሎ የሚከፍልበት ጊዜ አገራችን ላይ ገና ነው። ምክር በነጻ የሚገኝ ነገር ነው ተብሎ ነው ያደግነው። ስለዚህ እዚያም አማካሪውን የሚከፍለው ምርቱን የሚሸጠው ድርጅት ነው፣ ተመልሰን እዚያው ነን። እኔ የምለው የትኛው አገር የሚለውን ትተሽ የሚከፍልሽ ማን እንደሆነ እዪ ነው።

ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ማታ 1፡30

ልጄ፣ እኔ በባንክ 34 ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቻለሁ። የዱባዩን ነገር ልጆቹ በደንብ ነግረውሻል። እኔ ሌላ ልጠይቅሽ። የሠራተኛ ቤት ብድር ወስደሻል?

ካዛንቺስ31 | ረቡዕ፣ ማታ 1፡44

ጋሼ፣ እንዴት አወቁብኝ? አዎ፣ ወስጃለሁ። የዛሬ 3 ዓመት። ሰሚት አካባቢ ኮንዶሚኒየም።

ጡረተኛው | ረቡዕ፣ ማታ 2፡10

7 ዓመት የሠራ የባንክ ልጅ ሳይወስድ አይቀርም ብዬ ነው። እንግዲህ ውልሽን አውጪና አንብቢው። ብዙውን ጊዜ ሥራ ስትለቂ የሠራተኛ ወለዱ ይቀርና በገበያ ወለድ ይታሰባል። ወርሃዊ ክፍያሽ ምን ያህል እንደሚሆን የሰው ኃይል ክፍልን ሳይሆን ብድር ክፍል ያለ ጓደኛሽን ጠይቂ፤ የሰው ኃይሎቹን ከጠየቅሽ ነገ ሥራ አስኪያጅሽ ይሰማል። 3 ወር ያለ ገቢ ዱባይ ተቀምጠሽ ያንን ክፍያ ከየት ነው የምታመጪው? ክሊራንስ ሳትጨርሺ ደግሞ የሥራ ልምድ ማስረጃ አይሰጡሽም። ያ ወረቀት ከሌለሽ ፎቅ አሥራ አራት እንዳለው ያለ ሥራ ቢገኝም አትቀጠሪም።

በደመወዝ የሆነውን ከፈለግሽ አሁኑኑ ዲግሪሽን አረጋግጪ። ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ የኤምሬትስ ኤምባሲ። ሰው ኦፈር ከመጣ በኋላ ነው የሚሯሯጠው። የዓመት ፈቃድሽ በሕጉ ቢያንስ 19 የሥራ ቀን ደርሷል፤ እሱን ውሰጂና ሄደሽ ቢሮዎቹን በዓይንሽ እዪ። በጉብኝት ቪዛ እንዳትሠሪ ብቻ። እኛ ወጣት ሳለን ዱባይ ሄዶ ማየት አይታሰብም ነበር፤ አሁን ከአራት ሰዓት ትንሽ ቢበልጥ ነው በረራው።

ፎቅ አሥራ አራት | ረቡዕ፣ ማታ 2፡25

ጋሼ ያሉት በሙሉ ልክ ነው። ስትመጪ ጻፊልኝ፣ ቡናውን እኔ እከፍላለሁ። ሥራ አስገባሻለሁ አልልም። የገባሁበትን በር ግን አሳይሻለሁ። ፋይል ማጣራት ከናቅሽ ግን አትምጪ።

ካዛንቺስ31 | ረቡዕ፣ ማታ 3፡00

አልንቅም። 7 ዓመት ፊርማ ሳመሳክር ነው የኖርኩት።

ዛሬ ለዱባዮቹ ሦስት ጥያቄ ላክሁላቸው። ባለፈው ዓመት ከቀጠራችኋቸው ስንቱ አሁንም አብረዋችሁ አሉ? ደንበኛው ቢያቋርጥ ኮሚሽኑን የሚመልሰው ማነው? የቪዛ ወጪ ከሠራተኛ መቁረጥ በአገራችሁ ሕግ ይፈቀዳል? መልሱን ሳገኝ እጽፋለሁ።

የሲልቨር ስፕሪንጓ | ረቡዕ፣ ማታ 3፡20

ኤክሴሉስ?

ካዛንቺስ31 | ረቡዕ፣ ማታ 3፡22

አጠፋሁት። 61ኛዋ ላይ የእናቴን ስም ጽፌ ነበር፤ «ሥራ» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን እንደምሞላ ስላላወቅሁ እዚያው ቆሜ ቀርቼ ነበር።

ካዛንቺስ31 | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡05

ይዘገይ እንጂ ቃሌን አልበላሁም። መልሱ መጣ። የመጀመሪያውን «የሠራተኞች መረጃ ሚስጥር ነው» አሉኝ። ሁለተኛውን «ጥሩ አማካሪ ደንበኛው አያቋርጥበትም»። ሦስተኛውን ዘለሉት። ሐሙስ የመጨረሻው ቀን ነው ብለውኝ ነበር። ሐሙስ ሲያልፍ እስከ እሑድ አራዘሙልኝ። እሑድ አለፈ። የብድር ክፍያዬን አሠላሁት፤ ጋሼ እንዳሉት ነው፣ ከእጥፍ ትንሽ ነው የሚያንሰው። የዲግሪዬን ማረጋገጫ ዛሬ ጠዋት ውጭ ጉዳይ አስገብቻለሁ። ዱባዮቹ አሁንም ይደውላሉ። ትናንት ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ጊዜ ደወሉ።

የዴራ ልጅ | ማክሰኞ፣ ማታ 1፡20

ከምሽቱ 12 በኋላ? በግል ስልክ ከሆነ ደግሞ 5,000 ዲርሃም ነው።